የማሽን ደኅንነት ሥልጠና ስጥ ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?

የሽፍት ኃላፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ዱከም አካባቢ ባለ ብስኩት ፋብሪካ የሽፍት ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን የሊጥ መዳመጫውን ሮለር ሲያጸዳ እጁ ገባ። ሁለት ጣቶቹን እስከ መሐል አጣ። ገና 24 ዓመቱ ነው። ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ስለ ጣቱ አልጠየቀኝም። ደጋግሞ የሚለኝ «ከሥራ ታስወጡኛላችሁ?» ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ለ60 ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጅ አለኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ 45 ገጽ ፓወር ፖይንት ተሰጠኝ። ከሱ ጋር የስጋት ግምገማ ቅጽ አለ። ቅጹን ዓምናም ሞልተነው ነበር። አውጥቼ አየሁት። የሮለሩ መስመር ላይ «መካከለኛ ስጋት፤ ሠራተኛው እንዲጠነቀቅ ይነገረዋል» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁ ሥልጠና ወስዷል። ተጠንቀቅ ተብሏል። እሱም ፈርሟል። ያንኑ ነገር ለ60 ሰው ደግሜ ብናገር ምን ይለወጣል? እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ሰጥታችሁ በእውነት ለውጥ ያያችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።

ኤሌክትሪሻን ከቃሊቲ

እግዚአብሔር ይማረው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሮለሩ ሲጸዳ ቆሞ ነበር ወይስ እየዞረ?

የሽፍት ኃላፊ

እየዞረ ነበር። ቆሞ ከሆነ የሚጸዳው የፊቱ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርገው ሊጡን ይፍቁታል። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው። መከለያው ደግሞ ከተፈታ ቆይቷል።

ኤሌክትሪሻን ከቃሊቲ

እንግዲያው ሥልጠናህ ያለው እዚያች መልስህ ውስጥ ነው።

14 ዓመት በጥገና ሠርቻለሁ። በዓይኔ ካየኋቸው አደጋዎች ማሽኑ ደህና ሥራውን እየሠራ ሳለ የደረሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ዕቃ ሲሰነቀር፣ ሲጸዳ፣ ችንጋ (የሞተር ቀበቶ) ሲቀየር፣ ልክ ሲስተካከል የደረሰ ነው። የእናንተ ፓወር ፖይንት ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ማሽኑ በሰላም ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ ነው የሞላው።

እኛ አገር አንድ ሌላ ነገር አለ። መብራት። ወጣት ሳለሁ የምሠራበት ቦታ ላስቲክ መፍጫ ነበር። መፍጫው ላይ ዕቃ ተሰነቀረ፤ ወዲያው መብራት ሄደ። ኦፕሬተሩ «ጥሩ አጋጣሚ ነው» ብሎ እጁን አስገብቶ ማውጣት ጀመረ። ማብሪያው እንደበራ ነው የቀረው፤ ማን ያስታውሰዋል? እኔ ኳድሮው (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኑ) አጠገብ ቆሜያለሁ። መብራቱ መጣ። መፍጫው ተነሳ። ልጁ እጁን የሳበው በዚያች ቅጽበት ነው። የቱታው እጅጌ ተቀዶ ገባ፤ እጁ ተረፈ። እስከ ዛሬ መብራት በመጣ ቁጥር ያ ድምፅ ይሰማኛል።

ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ያደረገው ማብሪያው ነው። አንዴ ካዞርከው እንደዞረ የሚቀር ተራ ማብሪያ ነበር። በኮንታክተር፣ ማለትም ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ተስቦ በሚይዝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ የተሠራ የማስነሻና የማቆሚያ ቁልፍ ቢኖረው መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣ ሰው እጁን አንስቶ ማስነሻውን ካልተጫነ ማሽኑ አይነሳም። ይህ ትልቅ ወጪ አይደለም። አንድ ኤሌክትሪሻን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራህ ይህ ይሁን። ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ባዶአቸውን እየዞሩ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ርቆ መቆሙን አረጋግጠህ፣ ከኤሌክትሪሻናችሁ ጋር ዋናውን ብሬከር አጥፉና መልሱት። በራሱ የተነሳውን ማሽን ሁሉ ጻፍ። ያ ዝርዝር ከ45ቱ ገጽ ይበልጣል።

ንብረት ክፍል

እኛ ጋር ለሁሉም ሠራተኛ ጓንት፣ የደኅንነት ጫማና ሄልሜት ከተገዛ በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል። መጀመሪያ ይህን አስገዛ። ጓንት ቢያደርግ ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የቶርኖ መምህር

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ። ግን ይህ ሐሳብ ሰው ይጎዳልና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በሚዞር ነገር አጠገብ ጓንት ጠላት ነው። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ፣ ትራፓኖ (መብሻ) ላይ፣ ሮለር ላይ። ባዶ ጣት ሮለሩን ሲነካ ሊንሸራተት ይችላል፤ የጓንት ጫፍ ግን ይያዛል፤ ከተያዘ እጅን እስከ ክንድ ይዞ ይገባል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስናስተምር ተማሪው ቶርኖ ፊት ከመቆሙ በፊት ጓንት ያወልቃል፣ ቀለበትና ሰዓት ያወልቃል፣ እጅጌው ይጠበቃል፣ ጸጉር ይታሰራል። የቻኩን (የሚዞረውን ብረት የሚይዘውን ክፍል) ቁልፍ ቻኩ ላይ ትቶ የሄደ ተማሪ የዚያን ቀን ማሽን አይነካም። ጓንት ስለት ያለው ብረት ስታነሳ፣ ትኩስ ነገር ስትይዝ፣ ኬሚካል ስትነካ ነው።

ዋናው ጉዳይ ቅደም ተከተሉ ነው። የማሽን ስጋት ግምገማ ላይ ዓለም የሚመራበት ደረጃ አይኤስኦ 12100 ይባላል፤ በ2010 በፈረንጆች የወጣው። ሦስት እርከን አለው። መጀመሪያ አደጋውን ከማሽኑ አሠራር ላይ አስወግድ። ካልተቻለ ከልል። ከዚያ የቀረውን ስጋት ደግሞ ንገር፣ አስጠንቅቅ፣ አሠልጥን። «ተጠንቀቁ» ሦስተኛው እርከን ላይ ነው ያለው። እኛ ግን ሁልጊዜ ከሦስተኛው እንጀምራለን፣ ምክንያቱም ገንዘብ አያስወጣም።

ለጠያቂው ደግሞ ይህን ልበል። ቅጹን ለጊዜው አስቀምጠው። የስጋቱ ነጥብ 12 ይሁን 15 እያላችሁ ስትከራከሩ ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ማሽን ምረጥ። ኦፕሬተሩን፣ ጽዳት የሚሠራውን ሰውና የጥገናውን ሰው ይዘህ ማሽኑ አጠገብ ቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፦ «እጅ መቼ ይገባል?» ሲነሳ፣ ሲሠራ፣ ሲሰነቀር፣ ሲጸዳ፣ ሲጠገን፣ ልክ ሲቀየር። እያንዳንዱን ጻፍ። እጅ ከሚገባበት ቦታ ሁሉ ጎን ደግሞ «ለምን ይገባል?» ብለህ ጻፍ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሜትርም ያዝ። ሁለት ነገር ተጋጥሞ በሚጨፈልቅበት ቦታ ጣት እንዳይጨፈለቅ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ለእጅ 100፣ ለክንድ 120፣ ለራስ 300፣ ለሙሉ ሰውነት 500 ነው። ነገር ግን ይህ ለሮለር አይሠራም! ሮለር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ክፍተቱ ሰፋ ማለቱ አያድንም። ለሮለር መድኃኒቱ እጁ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

የሽፍት ኃላፊ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ለምን ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ በቅጹ ላይ አንድም ቦታ አላየሁትም።

ሊጥ ክፍል

እኔ ሌላ ፋብሪካ ሊጥ ማቡኪያና መዳመጫ ላይ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ወጥቻለሁ። ሁላችሁም በደንብ ተናግራችኋል፤ ግን ከእኛ በኩል ሆኖ የሚያይ ሰው ስላጣሁ ልጻፍ።

መከለያው ለምን እንደሚፈታ ታውቃላችሁ? በአራት ብሎን የታሰረ ነው። ለመፍታት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ጥገና ክፍል ነው ያለው። በአንድ ሽፍት ሦስት ጊዜ ማጽዳት አለብን። ጥገና ጠርተን፣ ጠብቀን፣ ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ ተመልሶ እስኪታሰር ድረስ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የምርት ኮታው ግን ያው ነው። ማታ ላይ ኮታው ሲጎድል ካቦው የሚጮኸው በእኛ ላይ ነው። አንድ ቀን አንዱ ፈቶ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ማንም «መልሱት» አላለም። ካቦውም አየ፣ ኃላፊውም አየ። ምርቱ ግን ጨመረ፤ አመሰገኑን።

እና ከዚያ ሥልጠና ይመጣል። አዳራሽ ተቀምጠን «መከለያ አትፍቱ» ይሉናል። ሁላችንም እናጨበጭባለን። ተመልሰን ስንመጣ መከለያው እዚያው ጥግ ላይ ነው።

ሴቶች ሆነን ደግሞ ማታ ሽፍት ላይ «ማሽኑ ይቁምልኝ» ማለት ይከብዳል። ሰነፍ ትባያለሽ። እኔ ሁለት ጊዜ ነጠላዬ ተይዞ በጓደኛዬ ነው የተረፍኩት። አንዱንም ጊዜ አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? «ነጠላ ለብሰሽ ማን ግቢ አለሽ» ነው የሚሉኝ። መልበሻ ክፍሉ ግን ተቆልፎ ነበር፣ ማታው ደግሞ ይበርድ ነበር።

ወንድሜ፣ ሥልጠናውን ለ60 ሰው ከመስጠትህ በፊት ለካቦዎቹ ስጥ። ማሽን ያቆመ ሰው እንደማይቀጣ በእነሱ አፍ ይነገር። እሱ ካልተነገረ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ኤሌክትሪሻን ከቃሊቲ

እህቴ፣ የተናገርሽው ልቤን ነካው። እኔ ራሴ ጥገና ክፍል ሆኜ ስንቱን መከለያ «ነገ እናስረዋለን» ብዬ እንዳለፍኩ አሁን ነው የታየኝ።

ከደቡብ ዳኮታ

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ ስጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አራቱን ዓመት የማታ ጽዳት ላይ። ከዚህ አገር የሚጠቅም አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

እያንዳንዳችን የራሳችን ቀይ ጓጉንቸር ነበረን። ስማችንና ፎቶአችን ተለጥፎበታል። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በራሳችን ኪስ። ማሽን ውስጥ እጅ ከማስገባታችን በፊት ማሽኑን እናጠፋለን፣ የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ እንዘጋለን፣ ጓጉንቸራችንን እንሰቅላለን። ስድስት ሰው የሚገባ ከሆነ ስድስት ጓጉንቸር ይሰቀላል። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ የራሱን እስኪያነሳ ድረስ ማንም ሊያስነሳው አይችልም። አለቃም ቢሆን። ከዚያ በውስጡ የቀረውን ኃይል እናስወጣለን፤ አየር፣ ውኃ፣ ተንጠልጥሎ የቆመ ነገር። በመጨረሻ ማስነሻውን ተጭነን እንሞክራለን። ካልተነሳ እንገባለን። ሎክአውት ታግአውት (ቆልፎ ምልክት መስቀል) ይባላል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የወጣው በ1989 በፈረንጆች ነው።

የመሞከሩን ነገር ሰዎች ይዘሉታል። እኔ አንድ ማታ ዘግቼ፣ ቆልፌ፣ ልሞክር ብዬ ስጫነው ማሽኑ ተነሳ። የዘጋሁት የጎረቤቱን ማሽን ነበር። ያን ባላደርግ ዛሬ ይህን የምጽፈው በየትኛው እጄ እንደሆነ አላውቅም።

ሌላው ቋንቋ ነው። እዚህ ሥልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት፤ የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ይህን ያጣራሉ። ለእኔ የመጀመሪያው ሥልጠና በእንግሊዝኛ ነበር። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ፈረምኩ፤ ምንም አልገባኝም። በሁለተኛው ዓመት አንድ አበሻ ወንድም በአማርኛ ቆሞ ሲያስረዳኝ ነው ጓጉንቸሩ ለምን እንደተሰጠኝ ያወቅሁት። ዱከም ከሆንክ ስንቱ ሠራተኛህ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው? ስንቱስ ከደቡብ የመጣ ነው? 45 ገጽ እንግሊዝኛ ለእነሱ ምንድን ነው?

የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ

ሕጉን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ግዴታውን በአሠሪው ላይ ነው የሚጥለው። ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለ መከላከያው በሚገባ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የደኅንነት ሠራተኛ መመደብ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ ማቅረብ፣ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ። የሽፍት ኃላፊው ሆይ፣ የልጁ አደጋ ተመዝግቧል? ለተቆጣጣሪ ተነግሯል? ይህን ዛሬውኑ አረጋግጥ።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። አንቀጽ 94 የመከላከያ መሣሪያን ማንሳትና ማበላሸት ይከለክላል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ከዚህ ውጭ ነው፤ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን አለማክበርም ሆን ብሎ ጉዳት እንደማድረስ ይቆጠራል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ። ሥልጠና ተሰጠ፣ ፈረመ፣ መመሪያውን ጣሰ የሚል ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ የፊርማ ወረቀቱ ግን በላሚኔሽን የሚቀመጠው። እህታችን «ሊጥ ክፍል» እንዳለችው መከለያው ተፈቶ ካቦው እያየ ዝም ካለ መመሪያው ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ፣ መከለያው ከመቼ ጀምሮ እንደተፈታና ማን እንዳወቀ እውነቱን ጻፍ። ያ ጽሑፍ ለልጁ ካሣ ትልቅ ነገር ነው።

የሽፍት ኃላፊ

አልተመዘገበም ነበር። ዛሬ ጠዋት አስመዝግቤያለሁ። መከለያው ከሰባት ወር በፊት እንደተፈታና እኔም እንደማውቅ ጽፌያለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት፤ ግን ጽፌያለሁ።

የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ያክብርህ። ይህን የሚያደርግ ብዙ አይደለም።

የሽፍት ኃላፊ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወገኖቼ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምሳ ሰዓት ላይ ብሬከሩን አጥፍተን መለስነው። ከ11 ማሽን አራቱ በራሳቸው ተነሱ። አንዱ ማቡኪያው ነው፤ በየቀኑ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሊጥ የሚያወጡበት። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ ደግመን አሳየሁት። ዝም ብሎ ቆመ። በሳምንቱ ሦስቱ ላይ ኮንታክተር ገባ፤ አራተኛው ዕቃ እየተጠበቀ ነው፣ እስከዚያው ቆሟል።

ከዚያ መዳመጫው ጋ አራት ሆነን ቆምን። «እጅ መቼ ይገባል?» አልኩ። እኔ ሁለት ቦታ ነበር የማውቀው። ጽዳት የሚሠራው ልጅ ብቻውን ሰባት ቆጠረ። «ለምን ይገባል?» ስል መልሱ በሙሉ አንድ ሆነ፤ ሊጡ ሮለሩ ላይ ስለሚጣበቅ። ይህን በዓመት ሙሉ አንድም ሰው ጠይቆ አያውቅም! የጥገናው ሰው አሰበና ሮለሩን ተጠግቶ ሊጡን ራሱ የሚፍቅ የናይሎን ምላጭ ገጠመለት። አሁን እጅ የሚገባው በቀን አንዴ ነው፤ እሱም ማሽኑ ቆሞ፣ ጓጉንቸር ተሰቅሎ። ጓጉንቸሮቹን ከመርካቶ ነው የገዛነው። ፎቶ የለባቸውም፤ ስም በቀለም ጻፍንባቸው።

መከለያውን በማጠፊያ ሠራነው፤ ብሎን አያስፈልገውም። ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ሊሚት ስዊች ተገጠመ። በሁለተኛው ቀን ማታ መከለያው ቢከፈትም ማሽኑ እንዳይቆም ስዊቹ በሽቦ ተገናኝቶ አገኘሁት። በጣም ተናደድኩ። ልጮኽ ስል የእህታችን ጽሑፍ ትዝ አለኝና «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ። መከለያው ሲንቀጠቀጥ ስዊቹ እየለቀቀ ማሽኑ በሽፍቱ 20 ጊዜ ቆሞባቸው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አገጣጠሙ ላላ። አጥብቀን አሰርነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ አላየሁም። በየሽፍቱ መጀመሪያ ግን መከለያውን ከፍተን ማሽኑ መቆሙን እንሞክራለን።

ሥልጠናውን በአንድ ቀን ለ60 ሰው አላደረግኩትም። ስድስት ስድስት ሆነው፣ በየማሽናቸው አጠገብ፣ 40 ደቂቃ። ግማሹ በአፋን ኦሮሞ፤ ያስረዳው ከመካከላቸው ያለ ኦፕሬተር ነው፣ እኔ ጎኑ ቆሜ ነበር። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ካቦዎቹን ሰበሰብኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ «ማሽን ያቆመ አይጠየቅም» አለ። ኮታው ላይ የጽዳት ሰዓት ይቀነስ ብዬ ያቀረብኩት ግን ገና አልተፈቀደም። እሱ ላይ እየተከራከርኩ ነው። ካልተፈቀደ ሌላው ሁሉ ተመልሶ ይፈርሳል ብዬ እፈራለሁ።

የተጎዳው ልጅ ተመልሷል። ምላጩን ከጥገናው ሰው ጋር የገጠመው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ማሸጊያ ማሽናችን በአየር ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪኩን ቆልፈን ማሸጊያው መንጋጋ ውስጥ የተሰነቀረ ላስቲክ ስናወጣ መንጋጋው ድንገት ተዘጋ። ማንም አልተጎዳም። ምንድን ነው ያጣነው?

ኤሌክትሪሻን ከቃሊቲ

አየሩን ነው። ኤሌክትሪክ ስትዘጋ ቱቦውና ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው አየር አይወጣም፤ የተሰነቀረው ነገር ሲላቀቅ ይገፋል። ከኮምፕሬሰር የሚመጣው መስመር ላይ፣ ማሽኑ መግቢያ አጠገብ፣ ሲዘጋ የማሽኑን አየር ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ አስገጥሙ። ጓጉንቸር የሚይዝ ዓይነት አለ፤ እሱን ፈልግ። ዘግታችሁ ግፊት መለኪያው ዜሮ ሲል አይታችሁ፣ ከዚያ ማስነሻውን ሞክራችሁ ግቡ። ቫልቩ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ መንጋጋው መካከል የሚቆም ወፍራም የእንጨት ወይም የብረት ድጋፍ ሥሩ፤ ያለ እሱ ማንም እጁን አያስገባ።

የሽፍት ኃላፊ

ድጋፉን ዛሬ ማታ እናሠራለን። ቫልቩን ነገ ጠዋት መርካቶ እፈልጋለሁ።